የድሮ ፖስት ለምርጫ ሲነሳ፦ ለወጣት እጩዎች የተግባር መመሪያ

አንድ ወጣት በእጩነት ስሙ እንደተሰማ ከተፎካካሪው ወገን አንድ ሰው ስልኩን ያወጣል፣ ስሙን ፌስቡክ ላይ ይፈልጋል፣ ወደ ታች እየወረደ ማንበብ ይጀምራል። የምርቃት ፎቶውን፣ የዩኒቨርሲቲ ክርክሩን፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ቀልዱን እያለፈ ይወርዳል። በኢትዮጵያ ለምክር ቤት ለመወዳደር 21 ዓመት መሙላት ይበቃል። በዚህ ዕድሜ የሚወዳደር ሰው ደግሞ ከልጅነቱ ጀምሮ የተናደደበትን፣ የሳቀበትንና ያመነበትን ሁሉ በአደባባይ እየጻፈ ያደገ ነው። ስለዚህ የሚያሳፍር ፖስት ይኖራል ብላችሁ ተነሱ። ሥራው የሚጀምረው ከዚያ ነው።

የሌሎች አገሮች ልምድ ብዙ ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በ2015 ማሪ ብላክ በ20 ዓመቷ ለብሪታንያ ፓርላማ ስትወዳደር፣ በታዳጊነቷ ስለ መጠጥ፣ ስለ እግር ኳስና ስለ ሒሳብ ትምህርት በብልግና ቃል የጻፈቻቸው ትዊቶች ወጡ። አላጠፋቻቸውም፣ አልካደችም። የሌበር ፓርቲን የምርጫ ዘመቻ ይመሩ የነበሩትን ዳግላስ አሌክሳንደርን አሸንፋ ገባች። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ በዚያው አገር፣ በኬንት፣ የወጣቶች የፖሊስ ኮሚሽነር እንድትሆን የተመረጠች የ17 ዓመት ልጅ ግን በ14 እና በ16 ዓመቷ መካከል በጻፈቻቸው ትዊቶች የተነሳ በቀናት ውስጥ ለቀቀች። ሁለቱም ልጆች ሆነው የጻፉት ነው፤ ሁለቱም ይሳደባሉ። ልዩነቱ ስድቡ ያረፈበት ቦታ ላይ ነው። የአንዷ ትዊት ሒሳብን ሲሰድብ የሌላዋ ሰዎችን በማንነታቸው የሚያዋርድ ሆኖ ተነበበ። ከዚህ በታች የምንሰጠው ምክር በሙሉ የሚቆመው በዚህ ልዩነት ላይ ነው። ፖስቱ የሚያሳፍረው እናንተን ብቻ ነው ወይስ የጎዳው ሌላ ሰው አለ?

ከምዝገባው በፊት፦ የራስን መዝገብ ማንበብ

ለዚህ ሥራ ቢያንስ አንድ ወር ስጡት። ምክንያቱ ቴክኒካዊ ነው። የፌስቡክ መጣያ የተጣለበትን 30 ቀን ይዞ ይቆያል፤ ኤክስ (የቀድሞው ትዊተር) የአካውንት ማኅደር፣ ማለትም የጻፋችሁት ሁሉ የተሰበሰበበትን ፋይል፣ ለማዘጋጀት አንድ ቀንና ከዚያ በላይ ሊወስድ ይችላል፤ ጉግል ደግሞ የጠፋን ገጽ ከፍለጋ ውጤቱ ወዲያው አያነሳም።

መጀመሪያ አካውንቶቹን ዘርዝሩ። አሁን የምትጠቀሙበትን ብቻ ሳይሆን የረሳችሁትንም። የመጀመሪያውን ኢሜይላችሁን ከፍታችሁ «እንኳን ደህና መጡ» የሚሉ የምዝገባ መልእክቶችን ፈልጉ፤ የቀድሞ ስልክ ቁጥሮቻችሁንና የቅጽል ስሞቻችሁን በየመድረኩ የፍለጋ ሳጥን ሞክሩ። በድሮ ሲም የተከፈተ አካውንት ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ለረጅም ጊዜ ያልሠራ ቁጥር ለሌላ ሰው ሊሰጥ ስለሚችል፣ ያ ሰው የማረጋገጫ ኮድ ተቀብሎ በስማችሁ ሊገባ ይችላል። ቁጥሩን ቀይሩ ወይም አካውንቱን ዝጉ።

ቀጥሎ ማኅደሩን አውርዱ። ከማጥፋት በፊት ማውረድ ግዴታ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቅደም ተከተሉን ነው። ያጠፋችሁት ፖስት በኋላ በምታወርዱት ፋይል ውስጥ አይገኝም፤ ነገ ተቆርጦና ተቀጥሎ ቢወጣ ዋናው ምን ይል እንደነበር የምታሳዩበት ነገር አይኖራችሁም። ፌስቡክ ላይ በአካውንትስ ሴንተር በኩል የራሳችሁን መረጃ የምታወርዱበት ቦታ አለ፤ ቀኑን «ከመጀመሪያው ጀምሮ» አድርጉት፣ ቅርጹን ደግሞ ኤችቲኤምኤል፣ በማንኛውም ብራውዘር እንዲከፈት። ኤክስ፣ ቲክቶክና ኢንስታግራምም ተመሳሳይ አገልግሎት አላቸው፤ ቴሌግራም ላይ ይህን የሚሠራው የኮምፒውተሩ ስሪት ነው። የማውረጃው ሊንክ ለጥቂት ቀናት ብቻ ስለሚሠራ ዝግጁ ነው የሚለው መልእክት እንደደረሰ አውርዱ። ፋይሉን በሁለት ፍላሽ አስቀምጡ፤ የግል መልእክቶቻችሁም ስላሉበት የቅስቀሳ ቡድን ኮምፒውተር ላይ አትተዉት።

ከዚያ ንባቡ ይመጣል። በአማርኛ መፈለግ የራሱ ጣጣ አለው። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ የሚለዋወጡባቸው ቃላት አንድ ጊዜ ተፈልገው አይገኙም፤ በየአጻጻፉ ሞክሩ። በተለይ የድሮዎቹ ፖስቶች፣ የግዕዝ ኪቦርድ በየስልኩ ሳይገባ የተጻፉት፣ አብዛኞቹ በላቲን ፊደል የተጻፈ አማርኛ ናቸው፤ አንዱን ቃል ሰው በአራት ዓይነት ይጽፈው ነበር። ተፎካካሪ ይህን ያውቃል። ፎቶ ላይ የተጻፈ ጽሑፍና የድምፅ መልእክት ደግሞ በተራ ፍለጋ አይገኝም፤ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ በዓይን ከማየት ሌላ መንገድ የለም። አሰልቺ ነው፣ ይሠራ።

የምትፈልጓቸው ቃላት፦ የብሔር ስሞችና ቅጽል ስድቦቻቸው፣ የሃይማኖት ስሞች፣ የፓርቲና የታጣቂ ቡድን ስሞች፣ የሴት ስድብ፣ ስለ አካል ጉዳተኞች የሚነገሩ ቀልዶች፣ «ግደል»፣ «ይውጡ»፣ «ይለይላቸው» ዓይነት ቃላት፣ የዛሬው የፓርቲያችሁ መሪዎች ስም። የመጨረሻው ይረሳል። አሁን አብራችሁ የቆማችሁትን ሰው ከስድስት ዓመት በፊት የዘለፋችሁበት ፖስት ከውስጥ በኩል ያስቸግራል።

ሰው የራሱን ገጽ አንብቦ «ጨረስኩ» ይላል፤ አብዛኛው አደጋ ግን ከገጹ ውጭ ነው። ፌስቡክ ላይ አክቲቪቲ ሎግ የሚባለውን ክፈቱ፤ በሌሎች ሰዎች ፔጅ ላይ የጻፋችሁት ኮመንት፣ የሰጣችሁት ላይክ፣ አባል የሆናችሁባቸው ግሩፖች እዚያ አሉ። ኤክስ ላይ ፕሮፋይሉን ወደ ታች እየሳቡ ሁሉን ማየት አይቻልም፤ የቅርቦቹን 3,200 ያህል ብቻ ነው የሚያሳየው፤ ለድሮዎቹ ማኅደሩን ወይም በቀን የሚያጣራውን አድቫንስድ ሰርች ተጠቀሙ። ቲክቶክ ላይ ሪፖስትና ላይክ ለሌላ ሰው የሚታዩ መሆናቸውን አረጋግጡ። የዩቲዩብ ኮመንቶች በጉግል አካውንታችሁ ታሪክ ውስጥ ተሰብስበው ይገኛሉ። ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ደግሞ ፍለጋውን ከፍታችሁ የላኪውን ስም የራሳችሁ ስታደርጉ የጻፋችሁት በሙሉ ይወጣል። ቴሌግራምን በአንድ ጊዜ ለመገላገል አካውንቱን መሰረዝ መፍትሔ አይሆንም። መልእክቶቹ ግሩፑ ውስጥ ይቀራሉ፣ እናንተ ግን የማጥፋት መብታችሁን ታጣላችሁ። መጀመሪያ መልእክቶቹ፣ በኋላ አካውንቱ።

የፕሮፋይል ፎቶዎችን ታሪክም አትዝለሉ። በአንድ የግጭት ሳምንት የተቀየረ ሰንደቅ ዓላማ፣ ካርታ ወይም መፈክር ያለበት ፍሬም በእኛ አገር ከረጅም ጽሑፍ ይልቅ ይነበባል።

በመጨረሻ ሌላ አንባቢ አምጡ። በብሔር፣ በሃይማኖትና በጾታ ከእናንተ የተለዩ፣ የምታምኗቸው ሁለት ሰዎች ይበቃሉ። እናንተ «ተራ ቀልድ» ብላችሁ ያለፋችሁት እነሱን የሚያቆም ከሆነ ቀልድ አልነበረም። እዚያው ፖስቱን እየተከላከላችሁ አትከራከሩ፤ የመጡት እንዲነግሯችሁ ነው።

መለየት፣ ከዚያ መወሰን

የተገኘውን በሦስት ክፈሉት። አንደኛው የልጅነት ነገር ነው። መጥፎ ግጥም፣ የመጠጥ ፎቶ፣ የፍቅር ብሶት፣ የክለብ ስድብ። ሁለተኛው ዛሬ የማትይዙት አቋም ነው። ሦስተኛው ሰዎችን በትውልዳቸው፣ በእምነታቸው፣ በጾታቸው ወይም በአካላቸው የሚያዋርድ፣ በሰው ሞት የሚደሰት ወይም ጥቃትን የሚጠራ ነው።

የመጀመሪያውን ባለበት መተው ይሻላል። ሁሉንም አጽድቶ ባዶ ገጽ ይዞ መቅረብ ራሱ ወሬ ይሆናል፤ «ምን ደብቆ ነው?» ይባላል። ለሌላ ሰው ክብር ሲባል መነሳት ያለበት ፎቶ ካለ ብቻ አንሱ። ፌስቡክ የድሮ ፖስቶችን በአንድ ጊዜ ለጓደኞች ብቻ እንዲታዩ የሚያደርግ ቅንብር አለው፤ በእንግሊዝኛው ሊሚት ፓስት ፖስትስ የሚለው ነው። ለተራው ሰው ጥሩ ነው። አምስት ሺህ ጓደኛ ላለው እጩ ግን ከእነዚያ መካከል አንዱ ስክሪንሾት እስኪያነሳ ድረስ ብቻ ይሠራል።

ሁለተኛው ክፍል፣ የተቀየረ አቋም፣ በኢትዮጵያ ከሁሉም የበዛው ነው። ከ2010 ዓ.ም. ለውጥ በፊት የተጻፈው፣ ከለውጡ ማግሥት የተጻፈውና በጦርነቱ ወራት የተጻፈው አንድ ሰው የጻፋቸው አይመስሉም። ሐሳብ መቀየር ወንጀል ስላልሆነ ይቅርታ አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው ማብራሪያ ነው። «ያን ጊዜ እንዲህ አምን ነበር፤ ይህንና ይህን ካየሁ በኋላ ቀየርኩ» ማለት ይበቃል፣ ምክንያቱ እውነተኛ ከሆነ። ቀኑን ግን በጥንቃቄ ያዙ። ሕወሓት በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. በሽብርተኝነት ተፈርጆ በመጋቢት 2015 ዓ.ም. ከዝርዝሩ ወጥቷል፤ አንድ ፖስት ከእነዚህ ቀኖች በፊት፣ በመካከል ወይም በኋላ መጻፉ በሕግም በሕዝብ ዘንድም አንድ አይደለም። እንዲህ ያለውን ፖስት ማጥፋት አንመክርም። የአቋም ለውጥን መከላከል ይቻላል፤ የተደበቀ የአቋም ለውጥ ግን አድርባይነት ተብሎ ይነበባል።

ሦስተኛው መጥፋት አለበት፣ ግን በስውር አይደለም። በእኛ አገር በፌስቡክ የተጻፈ የብሔር ስድብ ከስድብ አልፎ ሰው የተፈናቀለበትና ቤት የተቃጠለበት ጊዜ አይተናል፤ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ተነባቢ ሆኖ በቆየበት ቀን ሁሉ ሰውን ያስፈራል። ስለዚህ ቅጂውን ከነሊንኩና ከነቀኑ አስቀምጡ፣ ዋናውን አጥፉ፣ ማጥፋታችሁንም ሌላ ሰው ሳይጠይቃችሁ ራሳችሁ ተናገሩ። ማስተካከል እንደ ማጥፋት አይቆጠርም። ፌስቡክ ላይ ፖስትን ኤዲት ስታደርጉ የቀድሞው ጽሑፍ በኤዲት ሂስትሪ ውስጥ ለአንባቢ ይቀራል፤ ስድቡን አለስልሶ የተገኘ ሰው ሁለት ጊዜ ይዋረዳል።

ስለ ሕጉ፦ የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ለጥላቻ ንግግር እስከ 2 ዓመት ቀላል እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር መቀጮ ይደነግጋል፤ ንግግሩን ተከትሎ ጥቃት ከተፈጸመ ቅጣቱ ይከብዳል። ሐሰተኛ መረጃ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው አካውንት ሲሰራጭ እስከ 3 ዓመት ሊደርስ ይችላል። የወንጀል ሕግ ወደ ኋላ ተመልሶ እንደማይሠራ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 22 ደንግጓል፤ የድሮውን ጽሑፍ ዛሬ «ትዝታ» ብሎ እንደገና ማጋራት ግን የዛሬ ድርጊት ነው። ፌስቡክ በሜሞሪስ በኩል የሚያቀርብላችሁን ሳታነቡ ሼር አታድርጉ። በፖስቱ ላይ ምርመራ ወይም ክስ ተጀምሮ ከሆነ ደግሞ ምንም ከመንካታችሁ በፊት ጠበቃ አማክሩ፤ ማጥፋቱ ማስረጃ እንደ መሰወር ሊቆጠር ይችላል።

ለፓርቲው ቀድሞ መንገር

እጩነቱ ከመጽደቁ በፊት ለፓርቲው የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ አንድ ሰነድ ስጡ። ለእያንዳንዱ ፖስት እነዚህ ይግቡበት፦ የተጻፈበት ቀን በሁለቱም የዘመን አቆጣጠር፣ መድረኩና ሊንኩ፣ ሙሉ ጽሑፉ ሳይቆረጥ፣ ለምን ጉዳይ መልስ እንደነበር፣ ያን ጊዜ ዕድሜያችሁና ሥራችሁ፣ አሁን ያለበት ሁኔታ፣ ቢጠየቅ የምትሰጡት መልስ በሁለት ዓረፍተ ነገር።

አሳፋሪውን ከሰነዱ መተው ይፈትናል፤ አትተዉ። የብሪታንያው ጃሬድ ኦማራ እ.ኤ.አ. በ2017 የቀድሞውን ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትር ኒክ ክሌግን አሸንፎ ፓርላማ ገብቶ ነበር። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ከ2002 እስከ 2004 ኢንተርኔት ላይ የጻፋቸው ሴቶችንና ግብረ ሰዶማውያንን የሚያዋርዱ ጽሑፎች ወጡ፤ ይቅርታ ጠየቀ፣ ከነበረበት የፓርላማ ኮሚቴ ለቀቀ። በዚያው ሳምንት ሌላ ጽሑፍና ሌላ ክስ ተከታተለ፣ ፓርቲው አገደው። የመጀመሪያው ይቅርታ ሁሉንም ስላላቀፈ በማግሥቱ ዋጋ አጣ። ፓርቲው ከጋዜጠኛ የሚሰማው ነገር እንዳይኖር አድርጉ።

የወጣ ቀን

ስክሪንሾቱ ቴሌግራም ቻናል ላይ ወጥቷል፣ ስልካችሁ አላርፍ ብሏል። ይህን ተከተሉ።

መጀመሪያ እውነት መሆኑን አረጋግጡ፤ ከማኅደራችሁ ጋር አመሳክሩት፣ ከትዝታችሁ ጋር አይደለም። ኮምፒውተር ላይ ማንም ሰው የአንድን ገጽ ጽሑፍ ለጊዜው ቀይሮ ፎቶ ማንሳት ይችላል። አንድ ጥሩ ምልክት አለ። ፌስቡክ በድሮ ፖስት ላይም የሚያሳየው የዛሬውን የፕሮፋይል ፎቶና ስም ነው፤ «ያኔ ያነሳሁት ነው» የተባለ ስክሪንሾት ላይ ከዚያ በኋላ የለጠፋችሁት ፎቶ ካለ፣ ወይ የተነሳበት ጊዜ ወይ ጽሑፉ ተዋሽቷል። በስማችሁ የተከፈተ ሌላ አካውንት መሆኑንም በሊንኩ አረጋግጡ።

ቀኑን እዩ። መድረኮቹ የሚጽፉት በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። በ1987 ዓ.ም. የተወለደ እጩ ስክሪንሾቱ ላይ «2012» የሚል ካለበት ሲጽፍ 17 ዓመቱ ነበር፤ አንባቢው ግን በእኛ አቆጣጠር ካነበበው የ25 ዓመት ሰው ያደርገዋል። በመግለጫችሁ ውስጥ ሁለቱንም ዓመት ጻፉ።

ፖስቱ የእናንተ ከሆነ «አካውንቴ ተጠልፎ ነበር» አትበሉ። ይህን መልስ ሕዝቡ ስለለመደው አያምንም። በተጨማሪም ከዚያ ፖስት ሥር ለጓደኛችሁ የሰጣችሁት መልስ፣ በማግሥቱ የለጠፋችሁት ፎቶ፣ ሁሉም ውሸቱን ያጋልጣል። የውሸቱ ወሬ ከፖስቱ ወሬ ይረዝማል።

ከመግለጫው በፊት የተጎዳውን ሰው ወይም ማኅበረሰብ አግኙ። የተሰደበ ግለሰብ ካለ ራሳችሁ ደውሉ። ማኅበረሰብ ከሆነ በሚያከብሯቸው ሽማግሌዎች ወይም የሃይማኖት አባቶች በኩል ሂዱ። ካሜራ ይዛችሁ አትሂዱ፣ የእርቅ ፎቶም አትለጥፉ፤ ሽማግሌ ለማስታወቂያ ሲውል የታየበት እርቅ ከመጀመሪያው ስድብ በላይ ያስቆጣል። ይቅር ባይሏችሁ እንኳ መሄዳችሁን እንደ ውለታ አትቁጠሩት። ይቅርታ መንፈግ መብታቸው ነው።

ከዚያ አንድ መግለጫ፣ በአንድ ቦታ፣ በዚያው ቀን። ከመቶ ቃል አይብለጥ። ኮመንት ውስጥ ገብቶ ለየሰው መመለስ አዲስ ስክሪንሾት ማምረት ነው። ደጋፊዎቻችሁም ስክሪንሾቱን ያወጣውን ሰው እንዳይዘልፉ ንገሯቸው፤ በስማችሁ የሚሰደብ ስድብ በእናንተ ይቆጠራል።

በየጊዜው የምናየው የተበላሸ መግለጫ ይህን ይመስላል፦

«በጽሑፌ ቅር የተሰኛችሁ ካላችሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ጽሑፉ ከአውዱ ተነጥሎ የቀረበ ሲሆን፣ ስሜን ለማጥፋት የተከፈተ የተቀነባበረ ዘመቻ አካል ነው። ሕዝቤን ማገልገሌን እቀጥላለሁ።»

«ካላችሁ» የሚለው ቃል ጥፋቱን ወደ ተሰዳቢው ያዞረዋል፤ ቅር መሰኘቱ የእሱ ችግር ሆነ። ምን እንደተጻፈ አልተነገረም። ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር የመጀመሪያውን ያፈርሳል፤ ይቅርታ የጠየቀ ሰው በዚያው ትንፋሽ ከሳሽ ሆኗል። ዘመቻ መኖሩ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ለሌላ ቀን ይቆይ።

የሚቆም መግለጫ ደግሞ፦

«በ2006 ዓ.ም.፣ እ.ኤ.አ. በ2014፣ የ19 ዓመት ተማሪ ሳለሁ ስለ … ተወላጆች የተጻፈው ጽሑፍ የእኔ ነው። ሰዎችን በትውልዳቸው የሚያዋርድ ስድብ ነበር። ይህን መጻፌ ጥፋት ነው፤ በዚህ የተነካችሁትን በሙሉ ይቅርታ እጠይቃለሁ። በዚያው ዓመት የጻፍኳቸው ሁለት ተመሳሳይ ኮመንቶችም አሉ። ሦስቱንም ዛሬ አጥፍቻለሁ፤ ቅጂያቸውን ለሚጠይቀኝ ጋዜጠኛ አሳያለሁ። ዕድሜዬን የጠቀስኩት ለማስረዳት ነው፣ ለማመካኘት አይደለም። በዚህ ጉዳይ በአካል ልታናግሩኝ የምትፈልጉ ቅዳሜ ከ4 ሰዓት ጀምሮ በቢሮዬ እገኛለሁ።»

የእኔ ነው ብሏል፣ ምን እንደነበር በስሙ ጠርቶታል፣ የቀረውን ሳይጠየቅ አውጥቷል፣ ሰው የሚያገኘውን ቦታ ሰጥቷል። በዚህ ላይ «ያደግኩበት አካባቢ»፣ «የጊዜው ስሜት» እያላችሁ አትጨምሩ። መግለጫው ፖስቱ በተጻፈበት ቋንቋና በተጎዱት ሰዎች ቋንቋ ይውጣ፤ በኦሮምኛ ወይም በትግርኛ የሚነበበውን ቋንቋው አፍ መፍቻው የሆነ ሰው ይጻፈው፣ የማሽን ትርጉም አታውጡ።

ቃለ ምልልስ ከተጠየቃችሁ ከሦስት ጥያቄዎች መልስ ጋር ግቡ፦ ለምን ጻፍከው፣ ሐሳብህን የቀየርከው ከማን ተምረህ ነው፣ ሌላስ አለ? ሦስተኛው ላይ ካመነታችሁ አለ ማለት ነው፤ አድማጭ ይሰማዋል።

ሁልጊዜ ሥልጣን ይዞ መቆየት ይቻላል አንልም። በማድሪድ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2015 የባህል ኃላፊነት የተሰጠው ጊዬርሞ ሳፓታ በ2011 በናዚ የተጨፈጨፉትን አይሁዶችና የሽብር ሰለባዎችን የሚያነሱ ቀልዶች ትዊት አድርጎ ተገኘ። ስለ ቀልድ ወሰን የተደረገ ክርክር አካል ነበሩ ብሎ አብራራ፣ ይቅርታም ጠየቀ፤ በቀናት ውስጥ ግን ኃላፊነቱን ለቀቀ፣ የምክር ቤት አባልነቱን ይዞ ቆየ። ፍርድ ቤት በነጻ ያሰናበተው በቀጣዩ ዓመት ነው። የፖለቲካው ፍርድ የፍርድ ቤቱን አይጠብቅም። ፖስቱ ከምትይዙት ሥራ ጋር በቀጥታ ከተጋጨ፣ ለምሳሌ ሴቶችን የሚያዋርድ ጽሑፍ የጻፈ ሰው የሴቶች ጉዳይ ኮሚቴ ውስጥ ከገባ፣ ያንን ቦታ ሳይገፉ መልቀቅ ለሰዎቹም ለራስም ይሻላል።

ይቅርታ የማያስፈልገው ፖስት

ይህን ለሴት እጩዎች ለይተን እንጽፋለን፤ በእነሱ ላይ የሚወጣው በአብዛኛው ጽሑፍ ሳይሆን ፎቶ ነው። አጭር ቀሚስ፣ ጭፈራ፣ ከወንድ ጓደኛ ጋር የተነሳ ፎቶ። እዚህ ላይ የተጎዳ ሰው የለም፤ ስለዚህ ይቅርታ አትጠይቁ። አንድ ጊዜ ይቅርታ ከተጠየቀበት ፎቶው ጥፋት ሆኖ ይመዘገባል፣ ቀጣይዋ እጩም በዚያ ትለካለች። እ.ኤ.አ. በጥር 2019 አሌክሳንድሪያ ኦካሲዮ-ኮርቴዝ ኮንግረስ ስትገባ የኮሌጅ ጊዜ የጭፈራ ቪዲዮዋን ሊያሳፍራት ያወጣ ስም የለሽ አካውንት ነበር። ብዙም ሳይቆይ በቢሮዋ በር ላይ ስትጨፍር የሚያሳይ አጭር ቪዲዮ ለጠፈች፤ ነገሩ አበቃ። እኛ ዘንድ መጨፈር ላያስፈልግ ይችላል። «ፎቶው የእኔ ነው፤ ስለ ወረዳው የውኃ ጉዳይ ልንነጋገር ነው የመጣሁት» ብሎ ወደ ሥራ መመለስ ይበቃል።

የተቀነባበረ የራቁት ምስል ግን ሌላ ነው። ለማስተባበል ብላችሁ ምስሉን መልሳችሁ አትለጥፉ፣ ሊንኩንም አታጋሩ። ያወጡትን ገጾች ሊንክ፣ ቀንና ሰዓት መዝግባችሁ ለመድረኩ ሪፖርት አድርጉ፣ ለፖሊስ አመልክቱ። ቤተሰብ ከሌላ ሰው ሳይሰማ ራሳችሁ ንገሩ፤ ከእናትና ከአባት የሚመጣው ጫና ብዙ ሴት እጩዎችን ያሸሻል፣ ፓርቲውም ያንን ሸክም ከእነሱ ጋር ለመሸከም ሰው ይመድብ።

በውጭ አገር ለሚወዳደሩ

በአሜሪካ፣ በእስራኤል ወይም በአውሮፓ የምትወዳደሩ ትውልደ ኢትዮጵያውያን የአማርኛ ፖስታችሁን ማንም አያነብም ብላችሁ አታስቡ። ማሽን ይተረጉመዋል፣ አጣምሞም ይተረጉመዋል፤ ቀልዱ ዛቻ፣ ተረቱ ስድብ ሆኖ ሊወጣ ይችላል። አወዛጋቢ ለሚሆኑት የአማርኛ ፖስቶች ቀድማችሁ ብቁ ተርጓሚ ያዘጋጀው ትርጉም ከሙሉ ክርክሩ ጋር ይኑራችሁ። በአገር ቤት ጉዳይ ተናዳችሁ የጻፋችሁት ደግሞ በምርጫ ክልላችሁ የሚኖረው ሌላው ኢትዮጵያዊ ወይም ኤርትራዊ መራጭ የሚያስታውሰው ነው። እሱን ያለ ጋዜጠኛ፣ ቡና ላይ ማነጋገር ይቀድማል።

ከማዕበሉ በኋላ

ያጠፋችሁት ገጽ ጉግል ላይ አሁንም ከታየ፣ ጊዜ ያለፈባቸውን ውጤቶች የማደሻ ገጹ ላይ ሊንኩን አስገቡ። የድሮ ድረ ገጾችን ቅጂ በሚያስቀምጠው ዌይባክ ማሽን ላይ የተቀመጠ ቅጂ ካለ ባለቤቱ ለሆነው ኢንተርኔት አርካይቭ ኢሜይል ጽፎ መጠየቅ ይቻላል፤ ስለ እጩ የሚጽፍ ጋዜጠኛ ግን ቀድሞ ስለሚያየው ሕዝብ ያወቀውን ነገር ከዚያ ማስነሳት ትርጉም የለውም። ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ አብሩ። የቅስቀሳ ፔጁን ከግል አካውንት ለዩ፤ ለፔጁ የሚጽፉ ልጆች ከሁለት አይብለጡ፣ ሲለቁ ፈቃዳቸው በዚያው ቀን ይነሳ።

መግለጫውን ገጻችሁ አናት ላይ ለሁለት ሳምንት አቆዩት። ከዚያ ከአናት አውርዱት፣ ግን አታጥፉት። የቀጣዩ ምርጫ እጩ ምዝገባ ሲመጣ ለፓርቲው የሰጣችሁትን ሰነድ ከፍታችሁ በመካከል የጻፋችሁትን ጨምሩበት።